የጓንት ሰፊው ልጅና የእኛ ቤት ቃል

ባለፈው ወር ነው። ብቸና መናኸሪያ በር ላይ፣ ከቆርቆሮ ጥላዬ ሥር ተቀምጬ የአንድ ፖሊስ ጫማ ሶል እሰፋለሁ። አንድ ባጃጅ ነጂ ሚስቱን ሰው ፊት በጥፊ አላት። ምክንያቱን አልሰማሁም፤ የጥፊ ምክንያት መቼም ተሰምቶ የሚያጠግብ ሆኖ አያውቅም። ሴትዮዋ ዘንቢሏን እንደያዘች ደርቃ ቀረች፤ ሽንኩርቱ መሬት ላይ ተበተነ። አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ከተሳፋሪው መካከል ወጡና የነጂውን እጅ አንጓው ላይ ያዙት። «አንተ ልጅ፣» አሉት፣ «ለቁርበት የታገሠ እጅ ለሰው ምነው ቸኮለ? አባቶች እንዲህ ብለዋል።» ሰዉ ሁሉ «እውነት ነው፣ ብለዋል» እያለ ራሱን ነቀነቀ። ነጂው አንገቱን ደፋ። ቆየና ጎንበስ ብሎ ሽንኩርቱን መልቀም ጀመረ።

እኔ በወስፌው ጣቴን ወጋሁ። አባቶች አላሉትም። አባቶች ስለ ሚስት ያሉትን አውቃለሁ፤ ይህን የመሰለ ነገር ከአፋቸው አልወጣም። ይህ ቃል የወጣው እዚሁ ብቸና፣ ከገበያው በታች ከነበረችው ጎጆዬ ነው። ያለችው ሚስቴ ናት። የተመታችውም እሷ ናት። መቺው እኔ ነኝ። እንዴት ከእሷ ተነሥቶ የአባቶች እንደሆነ ከእኔና ከእሷ በቀር የሚያውቅ ስለሌለ፣ ሳልሞት ልጻፈው። አጻጻፌ ቢጎረብጣችሁ ፊደል የቆጠርሁት ጢም ካወጣሁ በኋላ ነውና ቻሉት።

እኔ ፋቂ ነኝ። አለስልሰው የሚጽፉት «የቆዳ ባለሙያ» ይላሉ፤ ስሰደብ የኖርሁት ግን በዚያኛው ስለሆነ እሱን እጽፋለሁ። አባቴም ፋቂ ነበር፣ አያቴም። ገበሬው ጠፍሩን፣ መጫኛውን፣ ስልቻውን፣ የሚተኛበትን ቁርበት ከእኛ ይገዛል፤ ቤታችን ገብቶ ግን ውሃ አይጠጣም። ቡዳ ናቸው፣ ዓይናቸው ይበላል ይሉናል። የደብረ ወርቅ የቆሎ ተማሪዎች ደበሎ ሊያዝዙ ይመጡ ነበር። እስክጨርስ ደጅ ቆመው ቅኔ ሲቀኙ እሰማለሁ፤ ሲወስዱት ጠበል ይረጩበታል። ለፊደል ተማሪ ደበሎ እያለፋሁ እኔ አንድ ፊደል ሳልለይ ሠላሳ ዓመት አለፈኝ። ቆዳ ሲጻፍበት ብራና ይባላል፣ ይሳሙታል። ሲለፋ ርኩስ ነው፣ አፍንጫቸውን ይይዙበታል። ፍየሏ ያችው አንድ ፍየል ናት። በእኔ ቤት ውሃ የሚጠጡ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ከሞጣ ቆዳ ሊገዙ የሚመጡ ሐጂ ሁሴን የሚባሉ ነጋዴ። አንድ ቀን ጣሳውን አስቀምጠው «ሞላ፣ ሞጣ አንዲት የእጅ ባለሙያ ልጅ አለች፤ አንተ ከቆዳ ጋር ስታወራ ከምታረጅ ለምን አትጠይቃትም?» አሉኝ። ሚስቴን አንጓችን ያገኘሁት በእሳቸው ነው።

ያ ዘመን የትኛው ነው ብትሉኝ፣ ስኳር በቀበሌ ደብተር የሚታደልበት፣ ናይለን ሻሽ ለሙሽራ የሚወሰድበት፣ ጎረምሳው ሁሉ እግሩ ላይ እንደ ደወል የሰፋ ሱሪ ለብሶ የገበያውን አቧራ የሚጠርግበት ዘመን ነው። ሻይ ዐሥር ሳንቲም ነበር፤ ከትኩስ ዳቦ ጋር ስሙኒ። ከመኪና ጎማ የተቆረጠ በረባሶ ጫማ አምስት ዓመት ያገለግላል፤ ዛሬ የምሰፋው ፕላስቲክ አምስት ወር አይደርስም። ከመናኸሪያው ማዶ፣ አሁን ባንክ የቆመበት ማዕዘን ላይ፣ አንድ ሱቅ ነበረ፤ ባለሱቁ የሬዲዮኑን ድንጋይ በፀሐይ እያሞቀ ዘፈን ያሰማናል። ድንጋዩ ሲደክም ዘፋኙም አብሮ ይደክማል፤ ድምፁ እየጎተተ፣ እየጎተተ ይሄድና ጸጥ ይላል። ያኔ የገበያው ሴት ሁሉ ካቆመበት ተቀብላ ትጨርስለታለች። አንጓችም ትቀበል ነበር፤ ከጎጆዋ ሳትወጣ፣ ለራሷ ብቻ። ድምፅ ነበራት። እኔ ግን «ዝም በይ፣ ሥራ ላይ ነኝ» እላት ነበር።

ፊደል ያልቆጠረ ሁሉ ይቁጠር ተብሎ ጡሩምባ ተነፋ። በግድ ነው የሄድሁት። በቀበሌው አዳራሽ ውስጥ አግዳሚው ሁሉ ሲሞላ የእኔ አግዳሚ ባዶ ቀረ፤ ከፋቂ ጋር ትከሻ የሚገጥም አልነበረም። አስተማሪው መጣና ያንን አየ። ጠመኔውን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠና «እርስዎ ስምዎ ማን ነው?» አለኝ። መምህር ገመቹ ይባላል፤ ከወለጋ ተመድቦ የመጣ የእንግሊዝኛ መምህር፤ በዕድሜ ታናሼ። በዕድሜዬ ሙሉ «እርስዎ» ተብዬ አላውቅም ነበር። እኔም «እርስዎ» ልለው ስጀምር ተቆጣኝ፤ «እኔን አንተ ነው የሚሉኝ፣ አያ ሞላ፤ አለዚያ ደብተርዎን አላርምም» አለ። ይህን ያህል ዓመት ቆይቶም ስለ እሱ ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ያ አግዳሚ ነው።

ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ወደ ጎጆዬ ይመጣ ነበር። ያ የቆዳ ሽታ ሌላውን ከሩቅ ሲመልሰው እሱ ጉቶ ላይ ተቀምጦ፣ የቆዳ ማልፊያውን እምቧይ ስፈጭ፣ ቁርበቱን በእግሬ ሳሽ እያየ ይጽፋል። ሰማያዊ ልባስ ያለው ደብተር ነበረው። ለቀበሌው ኪነት ቡድን ቴአትር ይጽፍ ነበርና ንግግር ይለቅማል። «አማርኛን የተማርሁት ከመጽሐፍ ነው፤» አለኝ፣ «መጽሐፍ ደግሞ አይሳደብም፣ አይራገምም። እርስዎ ግን እግዜር ይስጥልኝ፣ ሲሳደቡ አንድ ገጽ ሞላሁ።» አንጓች ከጓዳ ሆና «ገና ምን አየህ፣ መምህር፤ ሲጸልይ ብትሰማውማ!» አለችው። ስቆ ሊሞት።

አንድ ቀን ስለዚያ ሰውዬ ነገረኝ። ስሙን ሲጠራው ምላሴ እምቢ አለኝ፤ ዛሬም እምቢ ይለኛል፤ ስለዚህ የጓንት ሰፊው ልጅ እለዋለሁ። እናንተ ታውቁታላችሁ።

«ከአራት መቶ ዓመት በፊት የነበረ እንግሊዝ ነው፤» አለኝ፣ «ቴአትር ጸሐፊ። አባቱ ጓንት ሰፊ ነበር።»

«ጓንት ምንድን ነው?»

«የእጅ ካልሲ በሉት። ከቆዳ የሚሰፋ።»

«እጅ ደግሞ ካልሲ ምን ያደርግለታል?»

«አገራቸው ብርድ ነው።»

«ጮቄ ተራራስ?» አልሁት። «እዚያ ያለ ገበሬ እጁን በብብቱ ነው የሚያሞቀው።» ኋላ ግን አንድ ነገር ብልጭ አለብኝና ሥራዬን አቆምሁ። «ቆይ፤ ቆዳውን ማን ያለፋዋል?»

«እሱው ነዋ፣ አባትየው። ይነክራል፣ ይፍቃል፣ ያለፋል፣ ይሰፋል። እንደ እርስዎ።»

«የፋቂ ልጅ ነበር በለኛ!»

«የፋቂ ልጅ ነበር» አለ መምህር ገመቹ፣ ዓይኔን እያየ። «አሁን እንግሊዞች አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር የሚያወጡት የእሱን ቃል ነው። ነጋዴው ሲከራከር፣ ጠበቃው ሲሟገት፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ። ሰው ይናገርበታል እንጂ ከየት እንደመጣ አያውቅም፤ የአያቶቹ ይመስለዋል። የዓይን ብሌን የሚሉበትን ቃል፣ ብቸኛ ለሆነ ሰው 'ሎንሊ' የሚሉትን ሳይቀር መጀመሪያ ጽፎ የተገኘ እሱ ነው ይባላል።»

«ከእሱ በፊት ብቸኛ ሰው አልነበራቸውም?»

«ሰውዬውስ ነበረ፤ ቃሉን የጻፈለት አልነበረም።»

«ሁሉንም ከራሱ ወለደው?»

«አይታወቅም። ጥቂቱን ወልዶት ይሆናል። ጥቂቱን ደግሞ ከገበያ፣ ከመጠጥ ቤት፣ ከጎረቤት ሰምቶት ይሆናል።»

«ሌባ ነው በለኛ።»

ሳቀ። «ሌባ አይባልም፣ አያ ሞላ። ጸሐፊ ነው የሚባለው።»

ያን ቀን እግሬ ከቁርበቱ ላይ አልወርድ አለኝ፤ ደስታ ነው መሰለኝ። የፋቂ ልጅ አንድ ሙሉ አገር አፍ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል! ውሃ በጣሳቸው የማይሰጡት ሰው ቃሉን ከምላሳቸው ላይ ሊያወርዱት አልቻሉም። እኔም በልቤ አንድ ነገር ተመኘሁ። ምን እንደተመኘሁ ለማንም አልነገርሁም። ምኞት ደግሞ ሳይነገር ሲቀር እንደ ተነከረ ቆዳ ነው፤ ቶሎ ካላወጡት ይሸታል።

አሁን ወደ ጥፊው ልምጣ። ለደብረ ወርቅ ተማሪ የታዘዘ የበግ ደበሎ ነበር፤ ዘጠኝ ቀን የለፋሁበት። ጥላ ውስጥ ወጥሬው ለአንጓች «ፀሐይ ሳይደርስበት ዞር አድርጊው» ብያት ገበያ ወጣሁ። እሷ ምንጭ ወርዳ ነበር፤ ወረፋው በዝቶ ኖሮ ቆየች። ለፋቂ ሚስት ወረፋ ሁልጊዜ የመጨረሻ ነው፤ ቀድማ ብትደርስም። ስመለስ ፀሐይዋ ደርሳበት ደበሎው እንደ ጣውላ ደርቋል። እሷም በዚያው ቅጽበት እንስራዋን አዝላ ብቅ አለች። እጄ ከእኔ ቀድሞ ሄደ።

አላለቀሰችም። እንስራውንም አላወረደችም። ፊቴን አላየችውም፤ እጄን ነው ያየችው፤ ረጅም ጊዜ። «ለቁርበት የታገሠ እጅ፣» አለች፣ «ለሰው ምነው ቸኮለ?» ለእኔ አይደለም ያለችው፤ ለእጄ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ጉልበት ላይ ይወድቃል፤ ወይም ያፍርና ከቤት ይወጣል። እኔ ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ። ቃሉ አማረኝ። ቆሜ በልቤ ደገምሁት፤ እንዳይጠፋኝ። ደብተር ላይ መጻፍ ከቻልሁ ገና ስድስት ወሬ ነበር፤ በከሰል ግድግዳው ላይ ጫርሁት፤ «ቸኮለ» የሚለውን ለመጨረስ ቦታ አነሰኝ። እሷ ጉንጯን ይዛ ውሃውን ወደ ገንቦ ትገለብጣለች። ቃሉን ሰማሁ፤ እሷን አልሰማኋትም። ከዚያ ወዲያ የመጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

በሳምንቱ መምህር ገመቹ መጣ። እንደ ልማዱ «ዛሬስ ምን አለን?» አለ፣ እስክሪብቶውን ከጆሮው ላይ እያወረደ። አንጓች አልነበረችም። ቃሉን ሰጠሁት። ጽፎ ሲጨርስ ቀና ብሎ «አያ ሞላ፣ ይሄ የማን ነው?» አለኝ።

«የእኔ» አልሁት።

አንዲት ቃል ናት። ብዙ ጊዜ ሌላ ቃል ብዬ ቢሆን ኖሮ እያልሁ አስባለሁ። «የሚስቴ» ለማለት ያው አንድ ትንፋሽ ነው የሚፈጀው።

ቴአትሩ መጀመሪያ የታየው ብቸና ነው። ባልየውን ሆኖ የተጫወተው የጤና ጣቢያው ድሬሰር ሲሆን ሚስትየዋን የሆነችው አንዲት የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። ያቺ ልጅ እጁን አይታ ያንን ቃል ስትለው አዳራሹ እልል አለ። ወንዱ እየሳቀ ጎረቤቱን በክርኑ ይጎስማል። በማግስቱ ገበያ ውስጥ ነጋዴው ለገዢው፣ እረኛው ለበሬ መቺው ሲለው ሰማሁ። አንድ ፈረስ ጫኝ ለእኔው ለራሴ አለኝ! ከእኔ መጫኛ ሊገዛ መጥቶ በዋጋ ስከራከረው። አንጓች ይህን አልሰማችም፤ አዳራሽ አትሄድም፤ ገበያም ስትወጣ ዳር ዳር ነው። እኔም አልነገርኋት። «ምን ሆነህ ነው ብቻህን የምትስቅ?» ስትለኝ «ምንም» አልኋት።

ከዚያ ቡድኑ ሞጣ ለውድድር ተጠራ። መምህር ገመቹ «እርስዎ ካልመጡ አንሄድም» አለኝና የራሱን ቴትሮን ሸሚዝ አዋሰኝ፤ ነጭ፣ ኮሌታው እንደ ክንፍ የተዘረጋ። አንጓች «ሞጣ ከሄድህማ እኔም እናቴን ልይ» አለች። እምቢ ለማለት ምክንያት ቸገረኝ። እናቷ ቤት ትቀራለች ብዬ ተጽናናሁ። አውቶብሱ ደብረ ወርቅን አልፎ ዳገቱን ሲያያዘው ልጆቹ ይዘፍናሉ፤ አንጓችም በመስኮቱ እያየች ቀስ ብላ ትቀበላለች። ያን ቀን ዝም በይ አላልኋትም። የሠራሁት መልካም ነገር ቢቆጠር ያቺ አንዷ ናት።

ወንድሞቿ ግን አማቻቸው ከቴአትረኞች ጋር መምጣቱን ሰምተው ኮርተው ኖሮ፣ እናታቸውንም እሷንም ይዘው አዳራሽ መጡ። ከመድረኩ ጎን ሆኜ አየኋቸው፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ። ለመምህር ገመቹ «ያንን ቃል ዛሬ ይዝለሉት» ልለው አስቤ ነበር። አላልሁትም። ጭብጨባው ቀረብኝ ብዬ ፈራሁ።

ልጅቷ ቃሉን አለች። አዳራሹ ተነሣ። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል የአንጓች እናት ቀስ ብለው አንገታቸውን አዙረው ልጃቸውን አዩ። ከዚያ ነው የገባኝ፤ ለእናቷ ነግራቸው ነበር። እንደመታኋትም፣ ምን እንዳለችኝም። ወንድሞቿ እናታቸውን አዩ፤ ከዚያ እኔን። ይህ ሁሉ ሳያንስ መምህር ገመቹ መድረክ ላይ ወጣና «ይህን ቃል የሰጡን የብቸናው ባለሙያ፣ አያ ሞላ፣ እዚህ አሉ!» አለ። ገፋፍተው አወጡኝ። ለፋቂ ተጨበጨበ። እጅ ነሣሁ። ቀና ስል ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንድ ቦታ ባዶ ነበር።

ከአዳራሹ ውጭ፣ ባሕር ዛፉ ሥር አገኘኋት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች።

«ነይ እንሂድ» አልኋት።

«ወዴት?»

«ወደ ቤታችን ነዋ። ምን ሆንሽ?»

«መታኸኝ፣ ቻልሁት፤» አለች። «የመለስሁልህን ደግሞ ወሰድኸው። እንግዲህ ምኔ ቀረ?»

«ቃል ምን ይሆናል፣ አንጓች? ነፋስ አይደለም?»

«ነፋስ ከሆነ ለምን የእኔ ነው አልህ?»

የተዋስሁትን ሸሚዝ ኮሌታ አስተካከልሁ። «አንተ ሂድ፤» አለች፣ «ያጨበጨቡልህ ሰዎች እየጠበቁህ ነው።» በማግስቱ አውቶብሱ ውስጥ ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ሆኖ ብቸና ገባሁ። ያንን የቀበሌ አዳራሽ አግዳሚ መሰለኝ፤ የአሁኑን ግን ያስለቀቅሁት እኔው ነኝ።

ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ላክሁ። ሁለቱ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ሦስተኞቹ የተከበሩ ሰዎች ነበሩ፤ ሐጂ ሁሴን ራሳቸው አስታርቁ ብለው የመረጡልኝ። ገብተው ተቀመጡና አንዱ አፋቸውን ሲከፍቱ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «የኛ ልጅ አጥፍቷል፣ አንክድም። ለቁርበት የታገሠ እጅ ለሰው ምነው ቸኮለ እንደሚባለው...» አንጓች ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ አልተመለሰችም። ሽማግሌዎቹ ምን እንዳጠፉ እስኪሞቱ አልገባቸውም። እኔም አልነገርኋቸውም። ከዚያ ወዲያ ማንንም አልላክሁም።

መምህር ገመቹ ተዛውሮ ሄደ፤ ቆይቶ አገሩ ገብቶ መሞቱን ሰማሁ። ደብተሩ የት እንደደረሰ አላውቅም። እውነቱን ሳልነግረው ቀረሁ፤ «እርስዎ» ያለኝን ሰው ዓይኑ ውስጥ ሌባ ሆኜ መታየት ከበደኝ። ቃሉ ግን አገር ዞረ። ደጀን ላይ የጭነት መኪና ጀርባ ላይ ተጽፎ አየሁት። አንድ የደብረ ኤልያስ ሰው ሠርግ ላይ ሲመርቅበት ሰማሁት። ሬዲዮ ላይ ሰማሁት። ሽምግልና ያለ እሱ የሚያልቅ አይመስልም። ጋኑ ተሰብሮ ውሃው እንደሚሄድ ሄደ፤ የጋኑ ስባሪ ግን እኔ ጋ ቀረ። ሌላ አላገባሁም። ቆዳ ማልፋቱንም ፋብሪካ ቀማኝ፤ እጄንም ቁርጥማት ያዘኝ። አሁን የሰው ጫማ እየሰፋሁ እኖራለሁ። ደህና ዋልህ የሚለኝ ጫማው የተቀደደበት ሰው ብቻ ነው።

እንግዲህ ባጃጅ ነጂው ሽንኩርት ለቅሞ በሄደ በሦስተኛው ቀን አንዲት ወጣት ወደ ጥላዬ መጣች። መምህርት ሊዲያ ትባላለች፤ ከሐዋሳ የተመደበች የእንግሊዝኛ አስተማሪ። ጫማዋ ደህና ነበር።

«አባባ፣ ያ ስለ ቁርበት የሚባለው አባባል ከድሮ ቴአትር የወጣ ነው ይሉኛል። የእርስዎ ነው አሉኝ ሽማግሌዎች። እውነት ነው?» ለካ የሚያስታውስ ተርፏል! ለተማሪዎቿ ስለ ጓንት ሰፊው ልጅ እያስተማረች ኖሮ፣ የአገራቸውን ምሳሌ ልታሳያቸው ፈልጋ ነው። «መጥተው ቢያወሩላቸው፤ የቃል ባለቤት በዓይናቸው ቢያዩ...»

ዛሬም ያ ምኞት አልሞተም ነበር፤ ሲነቃ ተሰማኝ። «እሱ ሰውዬ፣» አልኋት ነገር ለማራዘም፣ «ያን ሁሉ ቃል ከራሱ ነው ያመጣው ወይስ አልታወቀም?»

«አሁን እየታወቀ ነው፣ አባባ። የድሮው ጽሑፍ ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ። ሲፈተሽ የእሱ ነው የተባለው ብዙ ቃል ከእሱ በፊት በሌላ ሰው ወረቀት ላይ እየተገኘ ነው።»

«ምን ተፈረደበት ታዲያ?»

«ምንም» አለች እየሳቀች። «ያሳመረው፣ ያሰራጨው እሱ ነው ይላሉ። ይሄም እውነት ነው።»

እኔ አልሳቅሁም። ከወረቀት በፊት አፍ አለ። ወረቀቱን ኮምፒውተር ይፈትሸዋል፤ አፉን ማን ይፈትሸዋል? በዚያ አገርም አንዲት ሴት እንስራ አዝላ አንድ ነገር ብላ ይሆናል፤ አንድ ወንድ ቆሞ ሰምቷት ይሆናል። ብቸኝነትን በዚያ ስም የጠራችውም እሷ ትሆናለች፣ ማን ያውቃል? መምህርቷን «የፊታችን ሳምንት ነይ፤ አንድ ሰው ማስፈቀድ አለብኝ» አልኋት።

ሞጣ ከሄድሁ ዘመን ሆኖኝ ነበር። አዳራሹ የእህል መጋዘን ሆኗል፤ ባሕር ዛፉ ተቆርጧል። የአንጓችን ቤት የሐጂ ሁሴን የልጅ ልጅ አሳየኝ። ደጅ ላይ ተቀምጣ ለአገልግል ቆዳ ትለብጣለች። የአባቷ ሙያ ነው፣ አልተወችውም። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል። ገና ከበሩ ሳልደርስ አወቀችኝ። አልደነገጠችም።

«ይግቡ» አለችኝ። አንቱ አለችኝ፤ እንደ ማንም መንገደኛ።

ውሃ ሰጠችኝ። ጠጣሁ። ያሰብሁት ሁሉ ጠፋብኝና በቀጥታ ተናገርሁ፤ መምህርቷ እንደመጣች፣ ተማሪዎች ፊት ቆሜ ቃሉ የአንጓች ነው ልል እንደምፈልግ፣ ስሟን ልጠራ፣ ያኔ ያልሁትን ልሽር። መርፌዋን ሳታቆም ሰማችኝ።

«የእህቴ ልጅ ከባሏ ተጣልታ ነበር፤» አለች። «ሽማግሌ ተቀመጠ። ያንን አባባል አነሡበት፤ አባቶች እንዳሉት ብለው። ባልየው አለቀሰ። ይኸው ሁለት ወልደው ይኖራሉ። እኔ ጥግ ተቀምጬ ዝም አልሁ። ለእሷ ከሠራላት ይሁን አልሁ።» ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «እኔ ስናገረው ግን አልሠራም ነበር።»

«ይቅር በዪኝ፣ አንጓች።»

«ይቅር ካልሁ ቆየሁ። ሸክም ነው ብዬ ጣልሁት። ስሜን ግን አደባባይ እንዳያወጡት። አንድ ጊዜ አውጥተውኛል፤ ይበቃኛል። አሁን የሰፈሩ ሰው አገልግል ሠሪዋ ይለኛል፤ የተመታችው እንዲለኝ አልፈልግም።»

«ታዲያ ምን ልበላቸው?»

«የእኔ አይደለም ይበሉ። ለዚያ የእኔ ስም ምን ያደርጋል?»

እስከ በሩ ሸኘችኝ። የእጄን መጨማደድ አየችው፤ ያየችው መሰለኝ። ምንም አላለችውም።

ትምህርት ቤቱ ሄድሁ። መምህርት ሊዲያ ያንን ሰውዬ ሥዕሉን ሰሌዳ ላይ ለጥፋለች፤ መላጣ ነገር ነው፣ ጆሮው ላይ ጉትቻ ያለው። የጓንት ሰፊ ልጅ እንደሆነ ነገርኋቸው። ቆዳ እንዴት እንደሚለፋ ነገርኋቸው፤ ይህን ወደዱት። ስለ ቃሉ ስጠየቅ «የእኔ ነው ብዬ ነበር፤ ዋሽቼ ነው። የአንዲት ሴት ነው። የመታኋት ሴት ናት» አልሁ። መምህርት ሊዲያ መሬት መሬቱን አየች። ከኋላ አንዲት ልጃገረድ እጇን አወጣች። «ስሟ ማን ነው?»

«ስሟ የራሷ ነው» አልኋት። ማንም አላጨበጨበም። ልክ ናቸው።

እናንተም አንብባችሁ ሞጣ ወርዳችሁ ደጅ ለደጅ እንዳትጠይቁ። የምትሠራውንም ሰፈሯንም ቀያይሬዋለሁ። አንጓች ብዬ የጻፍሁት ስሟ አይደለም። እውነተኛ ስሟን የምጠራው ብቻዬን ስሆን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ብቻዬን ነኝ።